የአንድ ጭብጥ ቆሎ ጉልበት



ንግግሬን ከከተማችሁ ስም ልጀምር። የአሜሪካ የኮሚክ ደራሲዎች አንድ ልዕለ ጀግና ሲፈጥሩ የሚኖርበትን ከተማም አብረው ይፈጥሩለታል። ሱፐርማን ሜትሮፖሊስ ይኖራል፤ ባትማን ጎተም ይኖራል፤ ዛሬ የማነሣላችሁ ስታቲክ የሚባል ወጣት ደግሞ ዳኮታ በምትባል ከተማ ይኖራል። ሦስቱም ከተሞች ከደራሲ እጅ የወጡ ናቸው። እናንተ ግን ስም ለመፈልሰፍ መድከም የለባችሁም። ነፋስ መውጫ! ቁጭ ብዬ ባስብ ከዚህ የተሻለ የጀግና ከተማ ስም አላገኝም። በስተምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና አለ፤ በስተምሥራቅ የጨጨሆ ገደል አለ፤ በስተደቡብ ደግሞ ታች ጋይንትንና ስማዳን ይዞ ወደ በሽሎና ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው አገር አለ። አንድ ሠዓሊ ይህን ሳይጨምር ሳይቀንስ ቢሥለው፣ የሩቅ አገር አንባቢ በልብ ወለድ የተፈጠረ ዓለም ይመስለዋል።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። ያደግሁበት ቤት ውስጠኛው ግድግዳ፣ ጭቃው እንዳይረግፍ ተብሎ፣ በጋዜጣና በመጽሔት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከወገዳ ገበያ ዕቃ የተጠቀለለበት ወረቀት ሲመጣ እናቴ አትጥለውም፤ ዱቄት በውኃ በጥብጣ ትለጥፈዋለች። ከመኝታዬ ራስጌ ከባዕድ አገር መጽሔት የተቀደደ አንድ ገጽ ነበረ፤ በሣጥን በሣጥን የተከፈለ ሥዕል ያለበት። አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ ከመዳፉ መብረቅ ይወጣል። ከታች ያሉት ሣጥኖች ግን ሌላ ወረቀት ስለተለጠፈባቸው መጨረሻው አይታይም። ማታ ማታ ኩራዝ ሳይጠፋ እታለሜ፣ ታላቅ እህቴ ማለቴ ነው፣ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ከልቤ እያወጣሁ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ልጁ ዘንዶ ይገድላል፣ አንድ ቀን ሽፍታ ይማርካል፣ አንድ ቀን ጉናን ያነሣል።

አንድ ማታ ከወንዝ ዘግይታ ተመለሰች። እንስራዋን አውርዳ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደገፈችና «ይኼ ልጅ ውኃ ይቀዳል?» አለችኝ። «እሱማ ኃይል አለው፤ ውኃ መቅዳት ምን ያደርግለታል?» አልኋት። ትንሽ ዝም ብላ «እንግዲያ ኃይሉ ለምኑ ነው?» አለች።

ዛሬ እዚህ ያቆመችኝ ያች ጥያቄ ናት።

ከመዳፉ መብረቅ የሚወጣ ልጅ ከየት እንደመጣ መጀመሪያ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ኮሚክ ወጣት ልጅ ለብዙ ጊዜ የጀግናው ተከታይ ነበር፤ እኛ ጋሻ ጃግሬ እንደምንለው ያለ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ጎልማሳው ነው። ይህን ልማድ በሰፊው የለወጠው ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት ስፓይደርማን ነው። ፒተር ፓርከር እናትና አባቱ የሞቱበት፣ አክስቱና አጎቱ የሚያሳድጉት ተማሪ ነው። ሸረሪት ነከሰችው፣ ኃይል አገኘ፤ የገንዘብ ችግሩና የትምህርት ቤት ጣጣው ግን አልቀረለትም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ልጆች የወደዱት በግድግዳ ላይ ስለሚሄድ ብቻ አይመስለኝም። ከግድግዳው ወርዶ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ችግር የእነሱን ስለሚመስል ነው።

ከዚያ ከ31 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ድዌይን መክደፊ፣ ዴኒስ ካወን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን በማይልስቶን ሚዲያ ስም የራሳቸውን ጀግኖች ማሳተም ጀመሩ። የጥቁር ልጅ ፊት በኮሚክ ገጽ ላይ እንደ ልብ አይታይም ነበርና እኛው እንሥለዋለን ብለው ተነሡ። ከእነዚያ ጀግኖች አንዱ ስታቲክ ነው። በሰውነቱ ኤሌክትሪክ የሚዞር፣ ዝርግ ብረት ላይ ቆሞ በማግኔት ኃይል የሚበር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 በቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ሆኖ ብዙ አገር ደርሷል።

እኔን የገረመኝ ግን መብረቁ አይደለም። የልጁ እውነተኛ ስም ቨርጂል ሆኪንስ ይባላል። ይህ ስም ዝም ብሎ አልተሰጠውም። ቨርጂል ሆኪንስ የሚባል የፍሎሪዳ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ሕግ ለመማር ሲያመለክት በቆዳው ቀለም ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ዘጋበት። ሰውየው ዓመታት በፍርድ ቤት ተሟገተ፤ ጥብቅና ለመቆም የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የኮሚኩ ደራሲዎች ያንን ስም ወስደው ለ15 ዓመት ልጅ ሰጡት። እኛ በቅኔ ሰምና ወርቅ የምንለው ይኸው ነው፤ ላይ ላዩን መብረቅ የሚወረውር ልጅ፣ ውስጡን ደጃፍ ተዘግቶበት ያልተመለሰ ሰው። ከጨጨሆ ማዶ ያለው ዋድላ የቅኔ አገር ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ታሪክን በሥዕል ከፋፍሎ መንገር ለኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን በሸራ ላይ የሚሣል ሥዕል ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል በመስመር በመስመር ተደርድሮ፣ በየሥዕሉ ሥር አጭር ጽሑፍ ተጽፎበት ይሸጣል። ዘንዶው ሲገበርለት፣ ዘንዶው ሲገደል፣ ንግሥቲቱ ስትነግሥ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ፣ ልጇ ሲወለድ፣ ልጇ አባቱን ሊያይ ሲሄድ፤ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ያነበዋል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ ምን እንደሆነ አላውቅም። ልብ በሉ፤ በዚያ ታሪክ ዘንዶውን የገደለው ሰው በጉልበት አልገጠመውም። መርዝ ያበላትን ፍየል አቀረበለት። የጥንቱ ተራኪ ለጀግናው ከክንድ ይልቅ ብልሃት መርጦለታል።

ዘመናዊውን የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ የጀመረው በስራት ደበበ ነው። ኢታን ኮሚክስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲፈልግ የሚውል ወጣት ነው። ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆም ልጅ! ከመካከላችን ወንድም ወይም ልጅ እንዲህ ያልዋለበት ቤት አለ? በስራት ጀግናውን ያገኘው እዚያ ሰሌዳ ሥር ስለሆነ አከብረዋለሁ። ከጀምበር በኋላ «ሃዊ» የምትባል ሴት ጀግናም ከዚያው ድርጅት ወጥታለች።

ከእሱ ቀደም ብሎ የጀመረ ሌላም ሥራ አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ከባለቤቷ ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቁማ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፕሮግራም በቴሌቪዥን አቀረበች፤ ፀሐይ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት፤ ትናንሽ ልጆች ያሏችሁ ታውቋታላችሁ። ቆይቶ ያው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» የሚባል የካርቱንና የኮሚክ ሥራ አወጣ፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ልጃገረዶችን የሚጎዱ ልማዶችን ይታገሉበታል። ጥበብ የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ ዕውቀትም ነው፣ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመን ጥለትም ነው። ፀሐይና ጀምበር ደግሞ የአንድ ነገር ሁለት ስም ናቸው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ አንዷ ለሕፃናት አንዱ ለወጣቶች ሲፈጥሩ፣ ሁለቱም ከፀሐይ ስም ወሰዱ። ይህን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

አሁን ወደዚህ ወደ አገራችሁ፣ ወደ ጋይንት ልምጣ። ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፤ ቅዱሳንን ከልብ ወለድ ጀግና ጋር አላስተካክልም፤ ቅዱስ ይለመናል፣ የኮሚክ ጀግና ይነበባል። ነገር ግን ስለ ኃይል አመጣጥ የኛ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ለማየት ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ የተሻለ የለኝም። ፒተር ፓርከርን ሸረሪት ነከሰችው፤ በአንድ ቅጽበት ኃይል አገኘ። ሕፃኑ ያሬድ ግን ትምህርት አልገባው ብሎ፣ አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢቀጡት ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ አየ። ትወጣለች፣ ትወድቃለች፤ ትወጣለች፣ ትወድቃለች፤ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ደረሰች። ያሬድ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ትሏ አልነከሰችውም፤ ምንም ዓይነት ጨረር በሰውነቱ አላለፈም። ያየውን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ የወጣውን ዜማ ዛሬም በየደብሩ እንሰማዋለን።

ያ ዜማ ደግሞ የሚመሰከርበት አገር ይህ የኛ አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም በጋይንት ነው፤ ዝማሬ መዋሥእት የሚመሰከርበት ዙር አምባ በጋይንት ነው። ከትግራይ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ልጆች በእግራቸው መጥተውበታል። የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በማያውቀው አገር በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሹን ለምኖ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ያን ሁሉ ድጓ በቃሉ ይይዘዋል። ስሙም ከምግቡ ተወሰደ፤ የቆሎ ተማሪ ተባለ። የአሜሪካው ደራሲ ይህን ልጅ ቢያገኝ ኖሮ ካባ አያለብሰውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ደበሎው ይበቃዋል።

ቆሎውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እታለሜ እንስራ ነበር የምትሸከመው፤ ዛሬ ቢጫው ጄሪካን ተክቶታል። እንግዲህ ልጆች፣ ዘጠነኛ ክፍል የተማራችሁትን ፊዚክስ አውጡ። ጄሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ ውኃው 20 ኪሎ ይመዝናል። ምንጩ ከቤቱ 200 ሜትር ዝቅ ይላል እንበል፤ የስማዳና የታች ጋይንት ልጆች ይህ ብዙ አይደለም ትሉኛላችሁ። 20 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ200፤ 39,200 ጁል። ውኃውን ብቻ ለማውጣት የወጣው ጉልበት ነው። 3 ዋት የሚወስድ የሶላር አምፖል በዚህ ጉልበት ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይበራል። ልጅቱም ራሷን ተሸክማለች፤ 45 ኪሎ ብትመዝን ጠቅላላው 65 ኪሎ ነው፤ 127,400 ጁል ይመጣል። ያው አምፖል 12 ሰዓት ያህል፣ ከምሽት እስከ ንጋት ማለት ነው፣ ይበራል። አንዲት ልጅ፣ በአንድ ምልልስ፣ ቁርስ ሳትበላ።

ይህ ጉልበት ከየት መጣ? የሰው ጡንቻ ከሚበላው ኃይል ለሥራ የሚያውለው ሩቡን ያህል ነው፤ ሦስቱ እጅ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፤ ዳገት ስንወጣ የሚያልበን ለዚህ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ለዚያ ዳገት ከበላችው የምታወጣው ግማሽ ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ትልቅ ቁጥር ይመስላል። በገብስ ሲሰላ አንድ ጠበቅ ያለ ጭብጥ ቆሎ ነው።

አንድ ጭብጥ ቆሎ! ገብሱ ደግሞ ያን ኃይል የፈጠረው ከራሱ አይደለም። በክረምት ጭጋግ መሐል ጉና ላይ ብልጭ የምትለውን ፀሐይ ቅጠሉ ይዞ ነው ያስቀመጠው። ፀሐይ ገብስ ሆነች፣ ገብሱ ቆሎ ሆነ፣ ቆሎው የልጅቱ ጉልበት ሆነ፣ ጉልበቷ ውኃውን ከገደል አወጣው። አማርኛ ለእግር መጋጠሚያውም ለብርታቱም ጉልበት የሚል አንድ ቃል የሰጠው ዳገት የወጣ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ወጣት ጀግና ለመፍጠር መድከም የለብንም፤ ጠዋት ጠዋት በዚህ በር ፊት ለፊት ታልፋለች። ብሩክታዊትና በስራት ለልጆቻችን ከፀሐይ ስም ሲወስዱ እውነቱን ነክተውታል።

ታሪካችን ግን ጉልበትን የሚያስታውሰው በባለቤቱ ስም ሳይሆን በተሸከመው ዕቃ ስም ነው። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በዚህ በኛ አገር በኩል፣ በጨጨሆ፣ ጅጣንና በሽሎን አሻግረው መቅደላ አደረሱት፤ ወደ ስድስት ወር የፈጀ ጉዞ ነው። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ ፊት ፊት እየተቆፈረ ነው መድፉ የሄደው። የመድፉን ስም ሁላችን እናውቃለን። ገመዱን የሳቡት ትከሻዎች ስማቸው አልተጻፈም። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ የናንተ ቅድመ አያት ነበር?

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልገባ ነው። የልጅቱን ጄሪካን በጁልና በዋት ሳሰላ አንዳንዶቻችሁ ደስ እንዳላችሁ አይቻለሁ። እኔም መጀመሪያ ሳሰላው ደስ ብሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን አሳዘነኝ። ሸክምን ጀግንነት ብሎ መሣል ቀላል ነው፤ ሥዕሉ ያምራል፤ ፀሐይዋ ከኋላዋ፣ ጄሪካኑ ጀርባዋ ላይ። ከዚያ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ እንሰቅልና ልጅቱ ነገም ትሸከማለች። እታለሜ ብርቱ ናት እየተባለች ተመሰገነች፤ ስትመሰገን ውኃው ተጨመረባት፣ እንጨቱ ተጨመረባት፣ ኩበቱ ተጨመረባት። ስድስተኛ ክፍል እያለች በጥር ወር ሠርጓ ተደገሰ። ብርቱ ናትና ትዳር ትችላለች ተባለ። ድግሱ ትልቅ ነበር፤ እኔም በልቻለሁ። ከግድግዳው ሥር ብቻዬን ስተኛ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» የሚለኝ አልነበረም።

የእታለሜ ነገር የብዙ ሴቶች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 58 ከመቶው የተዳሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በሕግ በኩል ነገሩ የተዘጋ ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ይጠይቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ዕድሜዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነችን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባን እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ያገባን እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ አለ፤ ሠርጉም አለ። በሁለቱ መሐል ባለው ክፍተት ነው «ጥበብ ገርልስ» የገቡት። የነዚያ ልጃገረዶች ኃይል ሸክም እንዲችሉበት አልተሰጣቸውም። ሸክሙን «ለምን?» ብለው እንዲያስጥሉበት ነው። የእታለሜን ጥያቄ የመለሰ ኮሚክ ካየሁ እሱን አየሁ።

ስለ ድብድብም አንድ ቃል። ኮሚክ ሲባል ቡጢና ፍንዳታ የሚታየን ብዙ ነን። ይህች ከተማ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ በጦርነቱ ምን እንዳየች ለናንተ አልነግራችሁም፤ በተለይ ሴቶቿ። ከዚያም ወዲህ የጥይት ድምፅ የማያውቅ ልጅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ለሌላ አገር ልጅ ፍንዳታ የወረቀት ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ለኛ ልጅ ትዝታ ነው። ስለዚህ የጋይንት ጀግና ጠላቱን ቀጥቅጦ የሚጥል ቢሆን ልጆቻችን የሚያውቁትን ነገር መልሶ ማሳየት ነው። ድጓ ተሸክሞ የሚወጣ ልጅና ዘንዶን በብልሃት የጣለ ሰው ያለው አገር ከዚህ የተሻለ መሣል ይችላል።

እንግዲህ እኔ ብሥል ምን እሥል ነበር? ጀግናዬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፤ ቤቷ ከወገዳ ወረድ ብሎ። ኃይሏ ይህ ነው፦ ቀን የሞቃትን ፀሐይ ማታ መልሳ መስጠት ትችላለች። መዳፏን ምጣድ ላይ ብታሳርፍ ምጣዱ ይግላል፤ ኩበት ለቅሞ ማደር ቀረ፣ ጭስ ዓይን ማጥፋቱ ቀረ። ጎረቤት የምትወልድ ሴት ብትኖር ለአዋላጇ ታበራለች። ውኃውን ከገደል ወደ ላይ መግፋት ትችላለች፤ ግን አንድ ጄሪካን አትገፋም፤ ቱቦ ካለ ለመንደሩ ሁሉ ትገፋለች፤ ቱቦ ከሌለ ኃይሏ ከንቱ ነው። ቱቦው እንዲዘረጋ ደግሞ ቀበሌው መሰብሰብ አለበት፣ ሽማግሌው መናገር አለበት፣ ወጣቱ መቆፈር አለበት።

ገደብም አላት። ገደብ የሌለው ጀግና አያጓጓም፤ ይህን የሥራው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። የክረምት ጭጋግ ጉናን ሲሸፍን ኃይሏ ይደክማል። ሐምሌና ነሐሴ እንደ ማናችንም ልጅ ናት። ቆሎ ካልበላች ፀሐይም አትረዳትም፤ በ1977 ዓ.ም. እህል የጠፋበትን ዘመን የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች ይህን ለልጆቹ ትተረጉሙላቸዋላችሁ። ደግሞም ሚስጥሯን የሚያውቅባት አንድ ሰው አለ፤ ታናሽ ወንድሟ። ጥር ሲቃረብ ሽማግሌ ወደ ቤታቸው ሲመጣ ያያል። ኃይሏ በዚያ ቀን ምንም አይሠራላትም፤ ሽማግሌ በመብረቅ አይመለስም። ልጁ ምን ያደርጋል? ወደ መምህሩ ይሮጣል? አባቱን ይለምናል? ወይስ እኔ እንዳደረግሁት ድግሱን ይበላል? ከዚህ በላይ ልሄድ አልቻልኩም። ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

ስሟንም አላወጣሁላትም። ስታቲክ የአንድ እውነተኛ ሰው ስም እንደተሸከመ ነግሬአችኋለሁ። የዚች ልጅ ስም ከናንተ ቤት መምጣት አለበት፤ ከሴት አያት፣ ከአክስት፣ ከእህት። ከእስቴ የመጣችሁም አላችሁ፤ ከመካነ ኢየሱስ ድረስ ይህን ያህል መንገድ የመጣ ሰው ስም ሳያዋጣ አይሄድም።

መምህራኑ አሁን አንዳንድ ነጭ ወረቀት ያድሏችኋል። ወረቀቱን በመሐል እጠፉት፣ እንደገና እጠፉት፣ ሦስተኛ እጠፉት፤ ስትዘረጉት ስምንት ሣጥን ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ሣጥን አብረን እንሥላለን፤ ሌሊት ነው፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ጄሪካኑ በሩ ሥር ባዶውን ቆሟል፣ ውጭ ነፋስ አለ። በሁለተኛው ሣጥን ልጅቱ ትነሣለች። ከሦስተኛው ጀምሮ የናንተ ነው። ሣጥንና ሣጥን መሐል ያለውን ነጭ ቦታ አትናቁት፤ አንባቢው ያልሣላችሁለትን ነገር የሚያየው እዚያ ነው፤ እኔ ከግድግዳው ላይ የተደበቀውን ያየሁት እንደዚያ ነው። ሥዕል አልችልም የሚል ሰው በእንጨት ሰው ይሣል፤ ክብና አምስት መስመር ይበቃል። ወላጆችም ወረቀት ውሰዱ፤ መጻፍ የማትችሉ ለልጃችሁ ንገሩትና ይጻፍላችሁ።

እርሳስ ያልደረሳችሁ እጃችሁን አውጡ።